እንግዳ የሚጠላው ባለሆቴል

በዚህች መጽሔታችን ስለ መጻሕፍት ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ልነግራችሁ ነው። ያውም የእንግሊዞች ኮሜዲ፤ ያውም ዋናው ሰውዬ አንዲት እንኳ የምትወደድ ጠባይ የሌለችው። «ምነው፣ የሚጻፍ ጠፋ እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ ከእንግሊዝ ይጀምርና አዳማ ይገባል።

ከእንግሊዝ ኮሜዲዎች መካከል ሚስተር ቢንን የማያውቅ በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። ሻይ ቤት ውስጥ ድምፁ ተዘግቶ እንኳ ያስቃል፤ ሰውዬው እምብዛም አይናገርማ። እኔ የምላችሁ «ፎልቲ ታወርስ» ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ንግግር ነው፣ ያውም የተጣደፈ ንግግር። ወደ እኛ ሳይደርስ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዶርማችን ካለነው ስድስት ልጆች ስሙን ሰምቻለሁ ያለችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የእግር ኳስ ክለብ መስሏት።

ፎልቲ ታወርስ የሆቴል ስም ነው። ሆቴሉ ያለው ቶርኪ በምትባል በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው፤ ባለቤቱ ቤዚል ፎልቲ ይባላል። ቤዚል ረዥም፣ ነገረኛ፣ ፈሪ፣ ውሸታም፣ ቆንቋና ነው። ሥራው እንግዳ መቀበል ሆኖ ሳለ እንግዳ የሚባል ፍጡር አይወድም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባል የለ? ለቤዚል እንግዳው ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ እዚያው በሩ ላይ ብረት ነው።

ጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው። ስድስቱ በ1975፣ ስድስቱ በ1979 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሁለተኛው ቻናል ታዩ። የመጀመሪያው ክፍል የታየበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1968 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ ይኸውም ደርግ ንጉሡን ካወረደ ዓመት ከስድስት ቀን መሆኑ ነው። የጻፉት ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ ናቸው። እሱ ቤዚልን፣ እሷ ደግሞ ፖሊ የምትባለውን አስተናጋጅ ሆነው ይጫወታሉ። ሲጀምሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለተኛው ዙር ሲታይ ተፋተዋል፤ ጽሕፈቱን ግን አብረው ጨርሰውታል። የቤዚልን ሚስት፣ ሲቢልን፣ የምትጫወተው ፕሩኔላ ስኬልስ ናት። ከስፔን የመጣውን ምስኪን አስተናጋጅ፣ ማኑኤልን፣ የሚጫወተው አንድሩ ሳክስ ነው።

ድርሰቱ ገና በወረቀት ሳለ፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ የቢቢሲ አንድ ገምጋሚ አንብቦት የተለመደ ነገር የታጨቀበት ነው፣ ከውድቀት በቀር አይጠብቀውም ብሎ ጽፎ ነበር። እንዳለው አልሆነም። በ2000 እ.ኤ.አ. የብሪታኒያ የፊልም ኢንስቲትዩት ከምንጊዜም የአገሪቱ የቴሌቪዥን ሥራዎች መቶ ሲያስመርጥ አንደኛ የወጣው ይኸው ፎልቲ ታወርስ ነው። ስለዚህ የተረሳ ነው ስል በእኛ ዘንድ ማለቴ ነው። እዚያ አልተረሳም።

የፈጠራው መነሻ እውነተኛ ሰው ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ጆን ክሊዝና የ«ሞንቲ ፓይተን» ጓደኞቹ ለቀረጻ ቶርኪ ሄደው አንድ ሆቴል ያርፋሉ። የሆቴሉ ባለቤት አንደኛውን፣ አሜሪካዊውን፣ ሹካና ቢላዋ አያያዝህ እንደ እንግሊዝ አይደለም ብሎ ማዕድ ላይ ይነቅፈዋል። የሌላኛውን ቦርሳ ደግሞ ቦምብ ይኖርበታል ብሎ አውጥቶ ከግንብ ወዲያ ማዶ ያስቀምጠዋል። በቦርሳው ውስጥ የነበረው የጠረጴዛ ሰዓት ነው። የቀሩት ጓደኞቹ ሌላ ሆቴል ሲፈልጉ ክሊዝ እዚያው ቆየና ሰውዬውን አጠና። ሆቴሉ በ2016 እ.ኤ.አ. ፈርሶ ቦታው ላይ የጡረተኞች መኖሪያ ተሠርቶበታል። ባለቤቱም ሆቴሉም የሉም፤ ጠባዩ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ ላይ ነው ወደ አገሬ የምመለሰው። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። እናቴና እኩዮቿ አሁንም ናዝሬት ይሏታል። አዳማ የሆቴል ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ የሐረርና የድሬዳዋ መንገድ በእሷ ያልፋል፣ የአሰላውም ከእሷ ይገነጠላል። ድሮ ባቡሩ እንግዳ ያራግፍባት ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ፈጣኑ መንገድ ተከፈተና እንግዳው ባሰ። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ያድርባታል። ሶደሬ ፍል ውኃ የሚሄደው ያርፍባታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስብሰባ አለ። ስብሰባ በመጣ ቁጥር አበል አለ፤ አበል ባለበት አልጋ ይያዛል። ከሞጆ ተነሥታችሁ በመቂና በባቱ አድርጋችሁ እስከ ሻሸመኔ ብትወርዱም እንዲሁ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ከእንግዳ እጅ የሚበሉ ናቸው።

የሆቴል ከተማ ልጅ ሰው እንዴት እንደሚመዘን ገና በልጅነቱ ያውቃል። መጀመሪያ መኪናው ይታያል። ቀጥሎ ጫማው። ከዚያ አፉ ይሰማል፤ የሚናገረው በየትኛው ቋንቋ ነው፣ በየትኛው አገር ቃና ነው። እናቴ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል 14 ዓመት አንሶላ አጥባለች። አንድ ምሽት ከአሩሲ ገጠር ልጃቸውን ለሕክምና ያመጡ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ፣ አልጋ ይጠይቃሉ። «ሞልቷል አባባ» ይባላሉ። በመቀበያው ግድግዳ ላይ ዘጠኝ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ቁልፎቹን አይተው፣ ልጃቸውን አይተው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነጭ ላንድክሩዘር በሩ ላይ ሲቆም ያው ሞልቷል የተባለው ሆቴል ሦስት አልጋ ሰጠ፤ ባለቤቱም ራሱ ወጥቶ ሻንጣ ተቀበለ። እናቴ ይህን የነገረችኝ ቅጠል እየቀነጠሰች ነው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

እንግዲህ የፎልቲ ታወርስን የመጀመሪያ ክፍል ስመለከት ያየሁት ይህንኑ ነው። ቤዚል ሆቴሌን ከፍ ያሉ ሰዎች ይምጡበት ብሎ ውድ በሆነ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ያወጣል። አንድ ቀን አንድ ሰው ይመጣል፤ ቤዚል እንደ ልማዱ ሊያመናጭቀው ይጀምራል፤ ሰውዬው ስሙን ሲጽፍ «ሎርድ ሜልበሪ» ይላል። ወዲያው ወገቡ ይሰበራል። የተቀመጡትን እንግዶች ከገበታ ያስነሣል፤ ለሎርዱ ሲባል ሌላው ሁሉ ይንገላታል። ሎርድ የተባለው ሰው ጥሬ ገንዘብ ሲጠይቀው በደስታ ይሰጣል፤ ውድ ዕቃዬ ነው ብሎ ያስቀመጠውም ሣጥን ሲከፈት ሸክላ ጡብ ነው። ሰውዬው አጭበርባሪ ኖሯል። ሌባ መሆኑን ለይቶ ሊይዘው የመጣውን እውነተኛ የፖሊስ ሰው ግን ቤዚል ከመጀመሪያው በአነጋገሩና በአለባበሱ ንቆታል። በሌላው ክፍል ደግሞ የሆቴል ተቆጣጣሪዎች መጡ ሲባል ይሰማና አንዱን ማንኪያ ሻጭ ተቆጣጣሪ ነው ብሎ ሲለማመጥለት ይውላል። አለመሆኑን ያወቀ ዕለት ይበቀለዋል፤ ያንጊዜ እውነተኞቹ ተቆጣጣሪዎች በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

ወደ ላይ ሰጋጅ፣ ወደ ታች ረጋጭ። በሽታው ይህ ነው። ቤዚል የሚጠላው እንግዳን ሁሉ አይደለም ማለት ነው፤ የሚጠላው ሊጎዳው የማይችለውን እንግዳ ነው። የሚሰግደውም ለሰው ሳይሆን ለማዕረግ ነው፤ ማዕረጉም የውሸት ቢሆን ግድ የለውም፤ ላንድክሩዘሩ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

ክረምት ላይ ቤት ስገባ ከእናቴ ጋር በስልኬ ተመለከትነው። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እኔ እያስተረጎምኩ፣ እሷ «ቆይ እስቲ፣ አትናገሪ» እያለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ ሆቴል ነዋ! ቤዚል ትልቅ ግብዣ ደግሶ ወጥ ቤቱ ሰክሮ የወደቀበትና ምግቡን ከሌላ ቤት ለማምጣት የሚሯሯጥበት ክፍል አለ። መንገድ ላይ መኪናው ቀጥ ትልበታለች። ይሰድባታል፣ ያስጠነቅቃታል፣ እስከ ሦስት ይቆጥርላታል፤ እንቢ ስትለው ሮጦ ሄዶ ቅርንጫፍ ሰብሮ ይመጣና መኪናዋን ይገርፋታል። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የኛም ሰውዬ ጄኔሬተሩን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ በጫማ ነበር የሚለው» አለችኝ። ለ14 ዓመት ስለዚያ ሰው ስታወራ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

ማኑኤል ሲመታ ግን አልሳቀችም። ቤዚል ልጁን በእጁ ባገኘው ነገር ግንባሩን ይለዋል፤ ተመልካቹ ይንከተከታል። እናቴ ዝም። ትንሽ ቆይታ «ይኼ ልጅ ደመወዙን በወሩ ያገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ባነበብኩት ነገር ሁሉ፣ ተቺዎቹ ስለ ኮሜዲው ካሉት ሁሉ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም።

ማኑኤል ከባርሴሎና መጥቷል፤ እንግሊዝኛው ገና ነው። የታዘዘውን ስለማይሰማ ያጠፋል፣ ስላጠፋ ይመታል። ቤዚል የቀጠረው ግን በርካሽ ስለተገኘ ነው፤ ቋንቋ አያስተምረውም፣ ሥራም አያስለምደውም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደራሲዎቹ ያውቃሉ፤ ልጁን ትጉህና ቅን አድርገው ሲጽፉት ጌታውን እንዲህ ያደረጉት በከንቱ አይመስለኝም። እውነተኛው ማኑኤል፣ አንድሩ ሳክስ፣ ስፔናዊም አልነበረ። በርሊን ተወልዶ በ1938 እ.ኤ.አ. ገና ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች አምልጦ እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ነው። አገሩ ያልሆነ ቋንቋ አፍ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ማንም አላስተማረውም። ስፔኖች ኮሜዲውን ወደ ቋንቋቸው ሲመልሱ ማኑኤልን ጣልያናዊ አድርገው ስሙንም ፓኦሎ አሉት። ማንም የገዛ ወንድሙ በጥፊ ሲመታ መሳቅ አይፈልግም።

እኛስ ወደ አማርኛ ብንመልሰው ማኑኤልን ከየት እናመጣዋለን? ጥያቄው ከባድ ነው፤ እያንዳንዳችን በልባችን የምንጠራው የአገር ስም ይኖራል። አዳማ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ጠረጴዛ የሚነገርባት ከተማ ናት፤ ከገጠር የመጣው የአሥራ ስድስት ዓመት አስተናጋጅ ግን አንዱን ብቻ ይዞ ይመጣል። «ማኪያቶ» ሲባል «ሻይ» ያመጣል፤ ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። እንግዲህ ፎልቲ ታወርስን ያየ ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው ዞር ብሎ ባንኮኒው ዘንድ ያለውን ሰው ቢያይ ይበጀዋል፤ ማን ቀጠረው? በስንት? ማን አስተማረው?

ጉድለቱንም ልደብቅላችሁ አልፈልግም። በማኑኤል ላይ የሚወርደው ዱላ አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። ተዋናዩ ራሱ የወጥ ቤት ቃጠሎ ያለበት ትዕይንት ሲቀረጽ እውነተኛ ቃጠሎ ደርሶበታል። ስለ ጀርመኖች እንግዶች በተጻፈው ክፍል ደግሞ ሆቴሉን መኖሪያው ያደረገ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ስለ ጥቁሮች የሚናገረው ቃል ለእኛ ጆሮ ይቆረቁራል። በ2020 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምክንያት ክፍሉ ከአንድ የቴሌቪዥን ድርጅት አገልግሎት ለጊዜው ወርዶ ነበር፤ በኋላ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበት ተመለሰ። ሻለቃው የተጻፈው ሊሳቅበት ነው፤ ቢሆንም ስታዩት አውቃችሁ እዩት።

አንዷ ጓደኛዬ ሦስት ክፍል አይታ ተወችው። «የሚወደድ ሰው የለበትም፤ ከክፉ ሰው ምን እማራለሁ?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። እኔ እንዳየሁት በቴሌቪዥናችን ኮሜዲ ክፉው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ይመለሳል። ሽማግሌ ይገባል፣ ምክር ይነገራል፣ ይቅርታ ይባላል፣ ቡና ይፈላል። ደስ ይላል። እኛም ተመልካቾቹ ጥፋቱ እንደተካሰ ቆጥረን እንተኛለን። ቤዚል ግን አንድም ቀን አይመለስም። አሥራ ሁለት ጊዜ ይዋረዳል፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ምንም አይማርም። ይቅር የሚለውም ስለሌለ ነገሩ እኛ ላይ ይቀራል፤ ይዘነው ቤታችን እንገባለን። ምክር የሚሰጥ ኮሜዲ ለሌላው ሰው የተነገረ ይመስለናል። ምክር የማይሰጠው ግን «ይህን ሰው የት ነው የማውቀው?» ያሰኛል።

ይህ ዓይነት ሰው ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን አስታውሱ። በዘሩ የሚኮራ፣ ድሀ ባላገሮች ላይ ጦር አዝምቶ በባላገሮቹ እጅ የሚማረክ ሰው ነው። ማን ይወደዋል? ግን ማን ይረሳዋል? የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስም፣ በ1962 ዓ.ም. መጽሐፉ ሲወጣ፣ አንባቢን ለማስደሰት የተፈጠረ ልጅ አልነበረም፤ የእኛው ዓይነት ተማሪ ነው፣ ወሬው የማያልቅ። እነዚህን የሚያነብ ሰው ቤዚልን ለመቀበል ብዙ አይቸገርም። እንዲያውም ፊታውራሪው ሆቴል ቢከፍት ኖሮ ብዬ አስቤ ለብቻዬ የሳቅሁበት ጊዜ አለ።

የሙያውም ነገር ለጽሑፍ ተማሪ ትምህርት ቤት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚጀምረውም ከአንድ ትንሽ ውሸት ነው። ቤዚል በፈረስ ውርርድ ያገኘውን ገንዘብ ከሚስቱ ይደብቃል። ወይም ሚስቱ ያዘዘችውን ግንበኛ ትቶ ርካሹን ይጠራል። ውሸቱን የሚሸፍን ሁለተኛ ውሸት፣ ያንን የሚሸፍን ሦስተኛ። በአምስተኛው ደቂቃ የተጣለች ትንሽ ነገር በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ለሳቅ ብቻ ተመልከቱት፤ ሁለተኛ ጊዜ ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ ተመልከቱት።

ለመጀመር የምትፈልጉ ከመጀመሪያው ክፍል፣ ከሎርዱ፣ ጀምሩ። ከዚያ የተቆጣጣሪዎቹን፣ ከዚያ የግብዣውን ምሽት እዩ። የጀርመኖቹን አታስቀድሙ። ንግግሩ ስለሚፈጥን የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከሥር እንዲወጣ አድርጉ፤ እኔም ያለ እሱ ግማሹ ያመልጠኛል። ከተቻለም ሆቴል የሠራ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ አስተናጋጅ፣ ዘበኛ፣ አንሶላ አጣቢ። የት እንደሚስቅና የት ዝም እንደሚል ልብ በሉ።

የአይጡን ክፍል ለመጨረሻ አቆዩት፤ በእርግጥም የመጨረሻው ክፍል እሱ ነው። ማኑኤል የሚያሳድጋት አይጥ አለች፤ እሱ ግን አይጥ መሆኗን አያምንም። የጤና ተቆጣጣሪ በመጣበት ቀን አይጧ ትጠፋለች። የሚሆነውን አልነግራችሁም። መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ሌላው ሁሉ ተቆጣጣሪውን ሲያይ እናንተ ከኋላ ወደ በሩ ተመልከቱ፤ ማን ወድቆ፣ ማን እግሩን ይዞ እንደሚጎትተው።